የትምባሆ ጉዳት ለምን ዘግይቶ ታወቀ? ከባሕር ዳር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በባሕር ዳር የሳንባ ሕሙማንን በመንከባከብ ብዙ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ስለ ትምባሆ የፈለጋችሁትን እንድትጠይቁኝ ባለፈው ሳምንት ጋብዤ ነበር፤ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚከተሉትን እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወደ መጨረሻ ከምጠቅሰው አዋጅ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ትምባሆ ከየት መጣ?

መልስ፦ ተክሉ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ነባር ሕዝቦቿ ኮሎምበስ በ1492 ከመድረሱ ከብዙ ዘመን በፊት ያጨሱት ነበር። በ1560 ገደማ በሊዝበን የፈረንሳይ መልእክተኛ የነበረው ዣን ኒኮ ተክሉን መድኃኒት ነው ብሎ ወደ አገሩ ቤተ መንግሥት ላከው፤ በትምባሆ ውስጥ ሱስ የሚያስይዘው ንጥረ ነገር ኒኮቲን የሚለው ስምም የወጣው ከእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ነገሥታት ይከለክሉ ነበር ይባላል። ጉዳቱን ቀድመው አውቀው ነው?

መልስ፦ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን በጥብቅ መከልከላቸው እውነት ነው፤ ምክንያታቸው ግን ሃይማኖት እንጂ ሕክምና አልነበረም። በጣና ገዳማት አካባቢ ባደጉ አረጋውያን ዘንድ ማጨስ ዛሬም ነውር ነው፤ ይህ ነቀፋ ብዙ ሳንባ አትርፏል ብዬ አምናለሁ። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች ከመቶ 5 ያህል ነበሩ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሠለጠነው ዓለም ሐኪሞች ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ሳያውቁ ቀሩ?

መልስ፦ በሽታው ከጭሱ 20 እና 30 ዓመት ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። ሲጋራ በርካሽ የተዳረሰው በ1880ዎቹ የመጠቅለያ ማሽን ከተሠራ በኋላ ሲሆን፣ ቀድሞ እምብዛም የማይታየው የሳንባ ካንሰር እየበዛ የመጣው አጫሾቹ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎች የመኪና ጭስንና የመንገድ ሬንጅን ጠረጠሩ፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ዶል እንኳ መጀመሪያ ሬንጁን ጠርጥሮ ነበር። ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ብራድፎርድ ሂል ጋር በለንደን ሆስፒታሎች የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን ከሌሎች ሕሙማን ጋር ሲያነጻጽር ግን ልዩነቱ ሲጋራው ላይ ሆኖ አገኘው፤ ራሱም ማጨሱን ተወ። ጥናታቸው በ1950 ወጣ። የአሜሪካ አምራቾች በ1954 በጋዜጦች ሙሉ ገጽ ገዝተው ጉዳቱ አልተረጋገጠም ብለው አወጁ፤ የአሜሪካ መንግሥት ይፋዊ ሪፖርት እስኪወጣም እስከ 1964 ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ማጨስ የጀመሩትን ወጣቶች ሳስብ ያመኛል።

መዘግየቱን በየቀኑ የማየው ከአንድ ሰው ላይ ነው። በወጣትነቱ በጣና ላይ ጭነት ያመላለሰ፣ ዛሬ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለመድረስ መሐል ላይ የሚቆም፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው አሞጥሙጦ አየሩን ቀስ ብሎ የሚያስወጣ አባት አለ። የመጀመሪያዋን ሲጋራ ያጨሰ ዕለት ምንም አልሆነም።

ጥያቄ፦ ሺሻ በውኃ ስለሚያልፍ ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝም ይጨመርበታል።

ጥያቄ፦ እኔ የማጨሰው ጫት ስቅም ብቻ ነው፤ ሱስ ይባላል?

መልስ፦ ብዙ ተማሪዎች ይህን ይነግሩኛል። መቃሚያው ሰዓት ሲደርስ እጅዎ ወደ ሱቅ በደረቴው ሣጥን የሚዘረጋ ከሆነ፣ አእምሮዎ ሁለቱን አስተሳስሯቸዋልና ሲጋራውን ለመተው ጫቱንም አብረው ቢተዉ ይቀልዎታል። ታናናሾቻችሁንም ተከታተሉ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ 60 ዓመት ሞልቶኛል። አሁን ባቆም ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ይጠቅምዎታል፣ አባቴ። ዶልና ባልደረቦቹ የእንግሊዝ ሐኪሞችን 50 ዓመት ተከታትለው እንዳገኙት፣ በ60 ዓመቱ ያቆመ ሰው በአማካይ 3 ዓመት ያህል፣ በ30 ዓመቱ ያቆመ ደግሞ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ ያተርፋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፤ አምሮቱ ሲነሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይበርዳልና እስኪያልፍ ውኃ ይጠጡ፣ በሐይቁ ዳር ይራመዱ። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብዎት ወይም አክታዎ ደም ከቀላቀለ ግን ማጨስ እስኪያቆሙ ሳይጠብቁ ነገ ጠዋት ይመርመሩ።