መልስ፦ የእናቴ ጉልበት በየትኛው ዓይነት ይቀየር?

ለገጣፎ ላሉት እናትህ «የጉልበቱን የኋላ ጅማት ሳይቆርጥ በቦታው የሚተወው ሰው ሠራሽ ጉልበት ይሻላል ወይስ ጅማቱን የሚተካው?» ላልከው፦ ጅማቱ ጤነኛ ከሆነ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ በአካሄድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የላቸውም። ከላላ ወይም ከተበጠሰ ግን የሚተካው ነው የሚገባው፤ በሰው ሠራሹ ጉልበት መሃል ላይ ያለችው የፕላስቲክ ጉብታ የጅማቱን ሥራ ትሠራለች።

ከሚገባው ጉልበት ዓይነት ይልቅ የሚያሳስበኝ ትራሱ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመም ያስታግሳል ተብሎ ከጉልበት ሥር ይደረጋል፤ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቅና ማንከስ ይመጣል። ትራሱ ከቁርጭምጭሚት ሥር ይሁን፣ ጉልበቱ ይዘርጋ። በ6 ሳምንት ቢያንስ 90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። የግቢያችሁ ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከፍ ያለ መቀመጫ አሠሩላቸው። ስግደቱም ወንበር ላይ ይሁን። ባታቸው ካበጠ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።