የሲቲ አንጂዮ ዶዝ ለበዛብህ፦ መጀመሪያ ጋቢውን አስወልቅ

የወልዲያው ወንድሜ፣ «የእግር ደም ሥር ሲቲ አንጂዮ (ደም ሥርን በኮንትራስት የሚያሳይ የሲቲ ምርመራ) ስሠራ ዶዙ (ታካሚው የሚያገኘው ጨረር) ይበዛብኛል፣ ከየት ልጀምር?» ብለሃል። አብሽር፣ እኔም ደሴ ላይ በዚሁ ተቃጥያለሁ።

1. ኬቪውን (የጨረሩን ጉልበት የሚወስነውን ቮልቴጅ) አውርድ። የኛ ማሽን ለሁሉም ሰው 120 ላይ ነበር። ለቀጭን ሰው 100፣ በጣም ለከሳ 80 ይበቃል። ኬቪው ሲወርድ በደም ሥር የምንሰጠው ኮንትራስት ውስጥ ያለው አዮዲን ጨረሩን ይበልጥ ስለሚይዘው ደም ሥሩ ቁልጭ ብሎ ይነጣል። ኤምኤው (የጨረሩን ብዛት የሚወስነው ኮረንቲ) ካልተነካ ከ120 ወደ 100 መውረድ ብቻ ሲሶ ያህል ጨረር ይቀንሳል። አውቶ ኤምኤው (በሰውየው ውፍረት ልክ ኤምኤውን ራሱ የሚመርጠው) ግን የቀነስከውን መልሶ እንዳይጨምርብህ የኖይዝ ልኩን (ምስሉ ላይ የሚፈቀደውን ብዥታ) ከራዲዮሎጂስቱ ጋር አስተካክል።

2. ሰውየውን በትክክል መሃል ላይ አድርግ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የደሴን ብርድ ታውቀዋለህ። ከደላንታ የመጡ አንድ አባት ነበሩ፣ አጥንት ብቻ። እንዳይበርዳቸው ብዬ ከነጋቢያቸው አስተኛኋቸው። ግማሹ ጋቢ ከወገባቸው ሥር ተጠቅልሏል። የጎኑን ሌዘር የሰውነታቸው መሃል ላይ ያሳረፍኩ መስሎኝ የጋቢውንም ውፍረት ቆጥሬያለሁ፤ እሳቸው ከመሃል ከፍ ብለው ቀሩ። ስካውቱን (ከዋናው ቀረጻ በፊት የሚነሳውን መቃኛ ምስል) የምናነሳው ቲዩቡ (ጨረር አመንጪው) ከላይ ሆኖ ነው። ወደ ቲዩቡ የተጠጋ ሰው ወፍሮ ይታያል። ማሽኑም ወፍራም ናቸው ብሎ ኤምኤውን ጨመረ! የዶዝ ገጹን ስከፍት ዲኤልፒያቸው (የሙሉ ምርመራው የጨረር ልክ) ጠዋት ከሠራኋቸው ወፍራም ሰውዬ በልጦ አገኘሁት። እሳቸው ግን «ልጄ፣ እደግ» ብለው መርቀውኝ ወጡ። ያ ምርቃት እስካሁን ይከነክነኛል። አሁን ጋቢ ሳይወልቅ ሌዘር አላበራም። መሃሉን ካስተካከልኩ በኋላ ነጠላ ነገር ጣል አደርግላቸዋለሁ።

3. ፌዝ (የቀረጻ ዙር) ቀንስ። እኛ ያለ ኮንትራስት፣ በኮንትራስት፣ ከዚያ ደግሞ ዘግይቶ፣ ሦስት ጊዜ ነበር የምናነሳው። ለብዙው የእግር ደም ሥር ምርመራ አንዱ ይበቃል። ይህን ብል አለቃዬ ታካሚ ፊት «መሐንዲሱ ያስቀመጠውን የምትነካ አንተ ማን ነህ?» አለኝ። በጣም ነው ያመመኝ። ግን ዝም አላልኩም። ለሦስት ሳምንት የእያንዳንዱን ታካሚ ዲኤልፒ በደብተር እየጻፍኩ ለራዲዮሎጂስቷ አሳየኋት። ገጹን ሁለቴ ገለጠችና በዚያው ቀን ፕሮቶኮሉን አብረን ቀየርነው። ደብተሩ ዛሬም ኮንሶሉ አጠገብ አለ፤ አለቃዬም ለአዲስ ሠራተኛ የሚያሳየው እሱን ነው።

አንተም ነገ ደብተር ግዛ። የአንድ ሳምንቱን የዶዝ ገጽ ስም ሸፍነህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።