ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአየር ስንት ነው?

ጠያቂያችን፣ አንዱ ቦታ 1,160 ሌላው ከ1,500 በላይ ኪሎ ሜትር የሚልህ አንዱ ስለተሳሳተ አይደለም። የመጀመሪያው ከቦሌ እስከ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ቀጥተኛ የአየር ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሐዋሳና በሞያሌ በኩል የሚጠማዘዘው የመኪና መንገድ ነው። አንተ የምትበረው ስለሆነ የመጀመሪያውን ያዝ።

አውሮፕላኑም ቢሆን በማስመሪያ እንደተሰመረ አይሄድም፤ ሲነሳና ሊያርፍ ሲል ስለሚዞር ጥቂት ይጨምራል። አየር ላይ የምትቆየው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቀን ከሆነ የመስኮት ወንበር ጠይቅ። እኔ ስሄድ ደመና አልነበረም፤ የሻላ ሐይቅ ጠቆር ብሎ፣ ጎረቤቱ አብያታ ደግሞ ዳር ዳሩ ነጥቶ ይታይ ነበር። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ሰዓት ይለወጣል ወይ ላልከው፣ አይለወጥም። ሁለቱ አገሮች አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው። ትኬቱ ላይ ግን 10:15 ከጠዋቱ የሚል ካየህ በእኛ አቆጣጠር 4:15 ማለት ነው፤ በዚህ ተሳስቶ በረራ ያመለጠው ዘመድ አለኝ። የሚገርመው፣ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው።