የራሳችሁን ታሪክ መድረክ ላይ ለምታወሩ ልጆች

ውድ ወጣቶች፣

ደራሲው ጆርጅ ዶውስ ግሪን እ.ኤ.አ. በ1997 ኒውዮርክ ውስጥ «ዘ ሞዝ»ን ሲጀምር ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሰው መድረክ ላይ ይወጣል፣ የደረሰበትን እውነተኛ ነገር ወረቀት ሳይዝ ያወራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዝግጅቱ ወደ ሬዲዮ ገባ። በውድድር ምሽቶቹ ተናጋሪዎቹ በዕጣ ይለያሉ፣ ለእያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ ይሰጣል፣ ዳኞቹም ከታዳሚው መሃል ናቸው። ሸገር 102.1 ላይ የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» ለሚያዳምጥ ልዩነቱ ግልጽ ነው። እዚያ እንግዳው ከመንገድ ሲወጣ ጥያቄ ይመልሰዋል። መድረክ ላይ ግን መላሽ የለም።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምሩ። «ከዚያ ቀን በኋላ ምኔ ተለወጠ?» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። መልስ ካጣችሁ ገና ታሪክ አልሆነም፣ ይቆይ። ካገኛችሁ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃል ያዙ። መሃሉን አምስት ስድስት ቦታ ከፍላችሁ ቅደም ተከተሉን አስታውሱ። ሁሉንም የሸመደደ ሰው አንዲት ቃል ስታመልጠው ቀጥ ብሎ ይቀራል።

እኛን የሚጎዳን መግቢያ ነው። «በቅድሚያ ይህን ዕድል ለሰጡኝ…» ተብሎ ምስጋናው ይደረደራል፣ ትውልድና ትምህርት ይከተላል፣ ከአምስቱ ደቂቃ ሁለቱ አለቀ። ጨዋነታችሁን የተጠራጠረ የለም! ነገሩ የተፈጠረው አውቶቡስ ተራ ከሆነ አውቶቡስ ተራ ጀምሩ።

«በጣም ደነገጥኩ» የሚለው ለአድማጭ ምንም አያሳይም። «ቁልፉን ከቀዳዳው ማገናኘት አቃተኝ» ስትሉ ግን እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ያየዋል። «ከዚህ የተማርኩት» የምትለዋንም ተዉአት፤ ታሪኩ ካልነገረው እናንተም አትነግሩትም።

ሬዲዮ የራሱ ጣጣ አለው። እጅ ዘርግቶ «ይህን የሚያህል ውሻ» ቢባል ታዳሚው ይስቃል፣ ቤቱ ሆኖ የሚሰማው ግን ምን እንዳሳቀው አያውቅም። «ወገቤ የሚደርስ» በሉ። ማይኩን ከአፋችሁ አራት ጣት ያህል አርቁት፣ ትንፋሻችሁ እንዳይመታውም ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። ራስ ሲዞር ማይኩ አብሮ ካልዞረ ድምፅ ይጠፋል። ሳቅ ሲነሳ ጠብቁ፤ መርገብ ሲጀምር ቀጥሉ። በሳቅ ላይ የተነገረ ዓረፍተ ነገር ቀረጻው ላይ አብሮ ይዋጣል፣ አርታኢ ቢለፋም በወጉ አይለየውም።

ቤታችሁ ጮክ ብላችሁ በሰዓት ተለማመዱ። በአራት ደቂቃ ተኩል የሚያልቅ ይሁን፣ ቀሪው የሳቅና የዝምታ ነው። በልምምድ ሁሌም አንድ ቦታ ላይ እንባ የሚቀድማችሁ ከሆነ ታሪኩ ይቆይ። ያኔ አድማጩ ታሪኩን ትቶ ለእናንተ መጨነቅ ይጀምራል።

ታሪኩ የእናንተ ቢሆንም ውስጡ ያለው ገመና የእናት፣ የወንድም ወይም የቀድሞ ፍቅረኛ ሊሆን ይችላል። ሳይሰሙት በፊት ንገሯቸው፣ ካልፈቀዱ ያንን ክፍል ቁረጡት። ስም መቀየር ይቻላል፤ የሆነውን መቀየር ግን ታሪኩን ልብ ወለድ ያደርገዋል።

የቀረጻ ስምምነት ወረቀት ከተሰጣችሁ ደግሞ ከመድረክ በፊት፣ ልባችሁ ሳይመታ አንብቡት፦ ማን ያስተላልፈዋል፣ ማሳጠር ይችላል ወይ፣ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል ወይ፣ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ያወርደዋል ወይ። የመጨረሻው ካልተጻፈበት ጠይቃችሁ አስጽፉት።