ከቅኔ ቤት ወደ ቲ ኤች ኤም

ጥያቄ፦ ጎንጅ ቅኔ ተምሬያለሁ፤ ኤም ዲቭም (ማስተር ኦቭ ዲቪኒቲ፣ የነገረ መለኮት ዲግሪ) አለኝ። ቲ ኤች ኤም (ማስተር ኦቭ ቲኦሎጂ) ለመማር ሳመለክት የአብነት ትምህርቴ ይጠቅመኛል? ርእሴ «የመጽሐፈ ሄኖክ ትምህርት» ነው። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ በጣም ይጠቅምዎታል። ቲ ኤች ኤም ከኤም ዲቭ በኋላ በአንድ መስክ ጠልቆ የሚገባ፣ በሙሉ ጊዜ ሲማሩት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚፈጅ ዲግሪ ነው። ምንጩን በራሱ ቋንቋ ማንበብን ይፈልጋል፤ ሄኖክ ደግሞ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ይህን ዕድል አያባክኑት! የኔታን በየትኛው ጉባኤ ቤት፣ ስንት ዓመት፣ ምን እንደ ተማሩ በዝርዝር ያስጽፉና አስተርጉመው ያያይዙ። «ቅኔ ያውቃል» የሚል ደረቅ ማስረጃ ለውጭ መርማሪ ምንም አይነግረውም።

የሚያሰጋን ርእስዎ ነው፤ በአንድ ዓመት አያልቅም። ይልቅ የሄኖክን ምዕራፍ 1 ቁጥር 9 ብቻ ይያዙ። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 የጠቀሰው እሱን ነው። ግእዙን ከግሪኩ ጋር ቃል በቃል ያስተያዩ፤ ልዩነቱን ይመዝግቡ፤ ከዚያ የአንድምታው (የአብነት ትምህርት ቤቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ) መምህራን እንዴት እንዳዩት ይጠይቁ። ግሪክኛ ካልጀመሩ ግን ማመልከቻው ይቆይና አስቀድመው ፊደሉንና ግሱን ያጥኑ።