ወረዳ ተሸንፌ ቀጥታ አዲስ አበባ ልግባ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በአባትሽ ቤት ውርስ ወረዳ ፍርድ ቤት ተፈረደብሽ። ሰዎች ደግሞ «የወረዳ ዳኛ የአስተዳዳሪው ሰው ነው፣ አትድከሚ፣ ቀጥታ አዲስ አበባ ሰበር ግቢ» አሉሽ። ሰበር ማለት የመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን ብቻ የሚያይ ችሎት ነው። እኔ በአንድ ክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ለዓመታት መዝገብ ስከፍት ኖሬያለሁ። ይህን ምክር ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

መጀመሪያ የዳኛውን ነገር እንጨርስ። የወረዳ አስተዳዳሪ ዳኛ አይሾምም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። የወረዳውም ዳኛ እንደዚሁ ነው። ዳኛው አድልቷል የምትይበት ተጨባጭ ነገር ካለሽ አቤቱታሽን ለጉባኤው ታቀርቢያለሽ። ያ ግን ፍርዱን አይቀይረውም። ፍርድ የሚቀየረው በይግባኝ ነው።

አሁን መንገዱ። ከወረዳ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ትያለሽ። ከፍተኛው ፍርዱን ካሻሻለው ወይም ከሻረው፣ የተጎዳው ወገን ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ካጸናው ግን ይግባኙ አበቃ፣ የሚቀረው ሰበር ነው። እሱም መጀመሪያ የክልልሽ ሰበር ችሎት ነው። ከዚያ በኋላ የፌዴራል ሰበር አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ግን በሩ ጠበብ ብሏል። በክልል ጉዳይ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ማለት ብቻ አይበቃም፣ ጉዳዩ የሕዝብ ጥቅምንና አገራዊ ፋይዳን የሚነካ መሆን አለበት።

ሰው የማይረዳው እዚህ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር የምትጠየቂው ነገር ይቀንሳል። ቤቱን ማን ሠራው፣ ኑዛዜው ላይ ማን ፈረመ፣ ምስክሩ ምን አለ የሚባለው የሚጣራው ታች ነው። ይግባኝ ላይ አዲስ ማስረጃ ማስገባት በጣም ጠባብ ነው። ሰበር ላይማ ምስክር የሚባል ነገር የለም፣ ሕጉ በትክክል ተተርጉሟል ወይስ አልተተረጎመም ብቻ ነው። «ምስክሬን አዲስ አበባ አሰማለሁ» የሚሉ ሽማግሌ ገጥመውኝ ያውቃሉ። ማስረዳቱ ራሱ ያሳዝናል። ስለዚህ ወረዳ ላይ ያቀረብሽው ማስረጃ ሳይመዘን ከታለፈ፣ ይግባኝሽ ላይ ከነገጹ ጠቅሰሽ ጻፊው። የዳኛውን ስም በማጥፋት ገጽ አትጨርሺ።

አንድ ሳልጠይቅሽ የማላልፈው ነገር አለ። ከወራሾቹ መካከል የውጭ ዜግነት የወሰደ አለ? ካለ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። የውጭ ዜጋ ተከራካሪ የሆነበት ጉዳይ የፌዴራል ነው። ያ ማለት ግን የግድ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይዟል፣ የክልሉ ጠቅላይ ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛውን። እዚያው ግቢ፣ እዚያው ዳኛ፣ ሥልጣኑ ብቻ የተለየ። እንዲህ ከሆነ ወረዳው ከመነሻው ሥልጣን አልነበረውም፤ ይህ ራሱ ትልቅ የይግባኝ ነጥብ ነው። ወንድም ካናዳ ሆኖ በውክልና ሲከራከር ፓስፖርቱን ማንም ሳይጠይቅ የተጓዘ መዝገብ አይቻለሁ። መጨረሻ ላይ ሲነሳ የዓመታት ክርክር ገደል ገባ።

ጊዜውን ደግሞ አትዘንጊ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። የፍርዱን ግልባጭ ዛሬ ነገ ሳትይ በጽሑፍ ጠይቂ። የጠየቅሽበትና የወሰድሽበት ቀን በማኅተም ይመዝገብልሽ፣ ጽሕፈት ቤቱ ቢያዘገይብሽ መከራከሪያ የሚሆንሽ እሱ ነው።

ፍርዱ መቼ እንደተሰጠና የወራሾቹን ዜግነት እዚሁ ጻፊልን፣ ከዚያ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ለይቶ መናገር ይቻላል።