አሰልጣኝ ሲባረር፦ ከወሎ ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልስ

ደሴ ላይ ታዳጊዎችን ማሰልጠን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በመሀል ለአንድ ክለብ ምክትል አሰልጣኝ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ዋናው አሰልጣኝ በውድድሩ አጋማሽ ሲባረርም አጠገቡ ነበርኩ። ሰሞኑን ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «ቡድን ወራጅ ቀጠና ሲገባ አሰልጣኝ ማባረር ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» የሚል ክርክር ተነስቶ ሳይቋጭ ተለያየን። ጥያቄ ያለው ይላክልኝ ብዬ ነበር፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከሐይቅ ደረሰኝ። የምችለውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ ኮች፣ እኔ የእንግሊዙ ሌስተር ደጋፊ ነኝ። አሰልጣኙን ራኒየሪን ያባረሩት ቀን ያዘንኩትን ያህል በኳስ አዝኜ አላውቅም። ዋንጫ ያመጣ ሰው በዘጠኝ ወሩ ይባረራል? እሱ ከሄደ በኋላ ግን ቡድኑ ማሸነፍ ጀመረ። ታዲያ ልክ ነበሩ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐዘንህ ሐዘኔ ነው። የሊጉን ዋንጫ የወሰዱበት የውድድር ዓመት ሳይጀመር አቋማሪዎች ለሌስተር የሰጡት ግምት 5,000 ለ1 ነበር። እሱን እውን ያደረገ ሰው የካቲት 16 ቀን 2009 ዓ.ም ተሰናበተ፤ ያውም በቻምፒዮንስ ሊግ በስፔኑ ሲቪያ 2 ለ 1 በተሸነፉ ማግስት፣ የመልሱ ጨዋታ ገና እየጠበቃቸው።

ሰንጠረዡን ስታየው ግን የባለቤቶቹ ፍርሃት ይገባሃል። 25 ጨዋታ፣ 21 ነጥብ፣ 17ኛ ደረጃ። ከወራጅ ቀጠናው የሚለያቸው አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። አምስት የሊግ ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈዋል፤ የፈረንጆቹ 2017 ከገባ ወዲህም በሊጉ አንዲት ጎል አላገቡም። ምክትሉ ክሬግ ሼክስፒር ተረከበና ሊቨርፑልን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ እሱን ጨምሮ አምስት የሊግ ጨዋታ አከታትሎ ረታ። ሲቪያንም በሜዳቸው 2 ለ 0 አሸንፈው የቻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ገቡ። ሊጉን 12ኛ ሆነው ጨረሱ።

አብዛኛው ሰው ወሬውን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ቀጣዩን ልንገርህ። ሼክስፒር ሰኔ ላይ የሦስት ዓመት ውል ፈረመ፤ ጥቅምት ላይ፣ ከስምንት የሊግ ጨዋታ በኋላ፣ ቡድኑ 18ኛ ሆኖ እሱም ተባረረ። አራት ወር! የዚያ ቡድን ሕመም የጀመረው የመሀል ተጫዋቹ ካንቴ በክረምቱ ወደ ቼልሲ ሄዶ መሀል ሜዳው የሳሳ ጊዜ ነው። ሌላው የመሀል ተጫዋች ንዲዲ የመጣው ጥር ላይ ነው፤ ራኒየሪ ከእሱ ጋር የሠራው ለጥቂት ሳምንታት ሲሆን ፍሬውን የለቀመው ተተኪው ነው። ስለዚህ አልወረዱምና ለዚያ ዓመት ተሳክቶላቸዋል። ትክክል ነበሩ ለማለት ግን አፌ አይደፍርም።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ)፦ አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ለምን ያሸንፋል? ተጫዋቾቹ ድሮም እያወቁ ነበር እንዴ የሚለግሙት?

መልስ፦ ልግም አለ፤ የለም አልልህም። ግን ከምታስበው ያነሰ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ የሁሉም ተጫዋች ቦታ ክፍት ይሆናል። ተቀያሪ ወንበር ላይ የከረመው «አሁን የኔ ቀን ነው» ይላል፤ ቋሚ የነበረው ይደነግጣል። ያ ሳምንት የልምምድ ሜዳው ላይ ያለው ሩጫ ሌላ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወረት ስለሆነ ግን ይበርዳል።

ሌላው ምክንያት ስሌት ነው። ባስ ተር ዊል የሚባል የኔዘርላንድ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ከ1986 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ያለውን የአገሩን ከፍተኛ ሊግ መረመረ። አሰልጣኝ ካባረሩ ክለቦች ጎን ለጎን፣ እኩል ተዳክመው ግን አሰልጣኛቸውን ያላባረሩ ክለቦችን አስቀመጠ። ሁለቱም ወገን በተመሳሳይ መጠን አገገሙ። ክለብ አሰልጣኝ የሚያባርረው ነገር ሁሉ በጠመመበት ሰዓት ነው፤ ኳሱ አግዳሚ እየመታ ሲመለስ፣ ሁለት ተከላካይ ባንድ ጊዜ ሲጎዳ፣ ጠንካራ ቡድኖች ተከታትለው ሲመጡ። ይህ ሁሉ ባንድ ላይ ዓመቱን ሙሉ አይቆይም። እኛ ወሎዬዎች በልግ ቀርቶብን ክረምቱ ደህና ሲዘንብ፣ ዝናቡን ያመጣው በመሀል የተሾመው አዲሱ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው አንልም። ኳስ ላይ ስንደርስ ግን ልክ እንደዚያ እንላለን።

ጥያቄ (ወልዲያ፣ ተማሪ)፦ ጎል የሚስተው አጥቂው፣ ኳስ የሚያመልጠው በረኛው። የሚባረረው ለምን አሰልጣኙ ሆነ?

መልስ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። 25 ተጫዋች በጥር ማሰናበት አይቻልም፤ ውል አላቸው፣ የዝውውር መስኮቱም ይዘጋል። ተጫዋቹን የገዛው የቦርድ አባል ራሱን አያባርርም። አንድ ሰው ብቻ በአንድ ደብዳቤ ይሸኛል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ ኮች፣ አንተ በነበርክበት ክለብ አሰልጣኙ ሲባረር ምን እንደሆነ ንገረን። ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው ብዙ የለም።

መልስ፦ የክለቡን ስም አልጠራም፤ የሰውየውንም እንዲሁ። ግማሽ ዓመቱን ጨርሰን ከታች ሁለተኛ ነበርን። ለተጫዋቾቹ የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈለም። ልጆቹ ለልምምድ የሚመጡት ቁርስ ሳይበሉ ነው፤ አንዳንዶቹ የቤት ኪራይ አቅቷቸው አንድ ክፍል ውስጥ ለአራት ያድሩ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ለ90 ደቂቃ ጫና ፈጥሮ እንዲጫወት ልትጠይቀው አትችልም። አሰልጣኙ ይህን በየሳምንቱ ለኃላፊዎቹ ያመለክት ነበር። መልሱ የስንብት ደብዳቤ ሆኖ መጣ።

ደብዳቤውን የተቀበለው ማክሰኞ ጠዋት፣ ልምምድ ሊጀመር ሲል ነው። አንብቦ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ልምምዱን አሠራ፤ ለማንም ምንም አልተናገረም። ሲጨርስ ኳሶቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው፤ 14 ነበሩ። ኮኖቹን ቆጠረ፣ ማሊያዎቹን አጣጥፎ ቆጠረ፣ ንብረት ክፍል ሄዶ አስረከበና ፈረመ። «አንዱ ኳስ ንፋሱ ይወጣል፤ አሠሩት» አለኝ። የተናገረኝ እሱን ብቻ ነው። አሁንም ሳስበው ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

እኔ ጊዜያዊ ተባልኩ። በሳምንቱ መጨረሻ የአንድ ወር ደመወዝ ተከፈለ፤ ለእሱ ያልተገኘው ገንዘብ ለእኔ ተገኘ። ሁለት ጨዋታ አከታትለን አሸነፍን፤ ከተማው ስሜን እየጠራ ጨፈረ። እኔ ግን የቀየርኩት አሰላለፍ አንድም አልነበረም፤ የእሱኑ ነው ያሰለፍኩት። ደመወዙ እንደገና ሲቆም ሽንፈቱም ተመለሰ፤ በመጨረሻም ወረድን። በቡድን ላይ ሲፈረድ መጀመሪያ ልጆቹ በልተዋል ወይ ብዬ የምጠይቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጥያቄ (መርሳ)፦ ፈርጉሰንን ቢያባርሩት ኖሮ ማንቸስተር ዩናይትድ የት ይደርስ ነበር? ትዕግሥት ነው መፍትሔው።

መልስ፦ ይህን ምሳሌ ሁሉም ያነሳዋል፤ እውነትም ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. መጥቶ በአራተኛ ዓመቱ ሊባረር ነው እየተባለ ነበር። በጥር 1990 ኖቲንግሃም ፎረስትን በማርክ ሮቢንስ ጎል 1 ለ 0 አሸንፈው በኤፍኤ ካፕ ቀጠሉ፤ ዋንጫውንም በሉ። በሊጉ ግን 13ኛ ነበሩ። ከዚያ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ 13 የሊግ ዋንጫ አመጣ። አርቴታም በ2020 እ.ኤ.አ. የፈረንጆቹ ገና ሰሞን አርሰናልን 15ኛ ላይ ይዞ ነበር፤ ታግሠውት ዛሬ የት እንዳደረሳቸው ታያለህ።

ግን ወንድሜ፣ የታገሡትን ሁሉ አንቆጥርም፤ የተሳካላቸውን ብቻ ነው የምናስታውሰው። ትዕግሥት ያለ ምክንያት ሲሆን ቸልታ ነው። ፈርጉሰን በታገሡት ጊዜ የታዳጊ ቡድኑን ከሥር እየሠራ ነበር። አርቴታም ሥርዓት የማያከብሩ ተጫዋቾችን እያስወጣ ነበር። ባለቤቶቹ የሚያዩት ነገር ነበራቸው። በልምምድ ሜዳ ላይ የሚታይ ነገር ከሌለ ግን ምኑን ትጠብቃለህ?

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ እንግዲያው ማባረር ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ?

መልስ፦ አለ፤ አስቶን ቪላን ተመልከት። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ፉልሃም 3 ለ 0 ካሸነፋቸው በኋላ አሰልጣኛቸውን ጄራርድን አሰናበቱት፤ 17ኛ ነበሩ። በቀናት ውስጥ ኡናይ ኤምሪን ከቪያሪያል አመጡ፤ ለክለቡም የውል ማፍረሻ ከፈሉ። ማንን እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። ኤምሪ በመጀመሪያ ጨዋታው ማንቸስተር ዩናይትድን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ዓመቱን 7ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ በቀጣዩ ዓመት 4ኛ።

በዚያው የውድድር ዓመት ሊድስ ማርሽን አባረረ፣ ግራሲያን አመጣ፣ እሱንም አባሮ አራት ጨዋታ ሲቀር አላርዳይስን ጠራ። ከአራቱ ያገኘው አንድ ነጥብ ነው፤ ወረዱ። ሳውዝሃምፕተንም በሦስት አሰልጣኝ ወረደ። ቪላ ያባረረው ቀጣዩን አሰልጣኝ አስቦ ነው፤ ሌሎቹ የደጋፊውን ጩኸት ለማብረድ ነው ያባረሩት። አንድ የቦርድ አባል «እናባርረው» ሲል መጀመሪያ የምጠይቀው «ነገ ጠዋት ልምምዱን የሚያሠራው ማነው?» ብዬ ነው። ካልመለሰልኝ ደብዳቤው አይጻፍ።

ጥያቄ (ደሴ፣ መምህር)፦ የብሔራዊ ቡድናችን አሰልጣኝ የነበረውን የሰውነት ቢሻውን ስንብት እንዴት ታየዋለህ?

መልስ፦ ያንን ዘመን የኖርን ሰዎች በቀላሉ አንረሳውም። በ2005 ዓ.ም ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ደቡብ አፍሪካ ካለችበት ምድብ አንደኛ ሆነን ወጣን፤ ያውም በተጫዋች ቅጣት ጉዳይ ሦስት ነጥብ ተቀንሶብን። በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ተሸነፍን፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0።

ከዚያ ጥር 2006 ቻን መጣ። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ ዜሮ ጎል። በየካቲት ተሰናበተ። ቻን በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት ውድድር ነው፤ ውጭ የነበሩት ሳላዲን ሰይድና ጌታነህ ከበደ አልነበሩም። አጥቂዎቹን ያጣ ቡድን ጎል አላገባም ተብሎ የሁለት ዓመት ሥራ ሲፈርስ አዝኛለሁ፤ ዛሬም ስህተት ነበር እላለሁ። ከእሱ በኋላ የመጣው ፖርቱጋላዊው ባሬቶም በ2007 ተሰናበተ።

ጥያቄ (ወልዲያ)፦ የተባረረ አሰልጣኝ ብር ይዞ ነው የሚሄደው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንግሊዝ አገር ብዙውን ጊዜ አዎ፤ በውሉ መሠረት ካሳ ይከፈላል። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2024 እ.ኤ.አ. ክረምት የአሰልጣኙን የቴን ሃግን ውል አራዝሞ ጥቅምት ላይ 14ኛ ሆኖ አባረረው፤ ለእሱና ለረዳቶቹ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ። ዓመቱን 15ኛ ጨረሱ። እኛ ጋር ብዙ አሰልጣኝ ካሳውን ቀርቶ የሠራበትንም ደመወዝ ለማግኘት ይንከራተታል። ወጣት አሰልጣኞች፣ ውላችሁን ሳትፈርሙ ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

ጥያቄ (ወልዲያ፣ ደጋፊ)፦ ስታዲየም ውስጥ «ይውጣ! ይውጣ!» ማለት መብታችን አይደለም?

መልስ፦ መብታችሁ ነው። ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ከተማችሁ ላይ ቆሟል፤ ቡድናችሁም ፕሪሚየር ሊጉን አይቶ በ2010 ዓ.ም ወርዷል። ቁጭታችሁ ይገባኛል። ግን ጩኸቱ ከ90 ደቂቃው በኋላ ይሁን። በ20ኛው ደቂቃ ስትጮሁ ቀድሞ የሚሰማው የ19 ዓመቱ የቀኝ ተከላካይ ነው፤ ኳስ መቀበል ይፈራል። ስትጮሁ ደግሞ የቦርዱንም ስም ጨምሩበት።

ጥያቄ (ሐይቅ፣ እናት)፦ የልጄ ቡድን ከ15 ዓመት በታች ነው። ስድስት ጨዋታ ተሸነፉ። ወላጆች አሰልጣኙ ይቀየር እያሉ ፊርማ ሊያሰባስቡ ነው። ልፈርም?

መልስ፦ እትዬ፣ አይፈርሙ፤ ቢያንስ ለጊዜው። ልጅዎን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ልምምድ በሳምንት ስንት ቀን አለ? አሰልጣኙ ይሰድባችኋል ወይ? ካለፈው ዓመት ወዲህ የተማርከው አዲስ ነገር ምንድነው? ስድብ ወይም ዱላ ካለ እኔ ራሴ ቀድሜ እፈርማለሁ። ከሌለ ግን በዚህ ዕድሜ ሽንፈት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ተጋጣሚው በአካል የፈረጠሙ፣ በዕድሜም የሚበልጡ ልጆች ሲያሰልፍ ነው።

ፊርማው ለሁለት ሳምንት ይቆይ ብለው ለወላጆቹ ይንገሩልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ እመጣለሁ፤ ልምምዳቸውን ቆሜ አያለሁ፣ ከአሰልጣኙም ጋር ቁጭ ብለን እናወራለን። ኳስ ካነሳቸውም ሁለት ይዤ እመጣለሁ።